ያለ ወንፊት

እንግዶቹ ነጭ ጋውን ደርበው፣ ጫማቸውን በሰማያዊ ላስቲክ ሸፍነው፣ የማሳደጊያው ክፍል በር ላይ ተኮልኩለዋል። ሥራ አስኪያጁ እንደ ሙሽራ አባት ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኖ፣ በላይኛው መደርደሪያ ላይ የተጋረደውን ጨርቅ በአንድ እጁ ገለጠው። ሳቁ እዚያው ደረቀ።

መደርደሪያው ላይ ሠላሳ ስድስት ብልቃጦች ተደርድረዋል። በየብልቃጡ የጣት ቁመት ያላት፣ ለምለም የካርኔሽን አበባ ችግኝ መኖር ነበረባት። ያሉት ግን ከግንዳቸው እስከ ቅጠላቸው ጫፍ የነጡ ነገሮች ናቸው። አንዳንዶቹ ተጣጥፈው ወድቀዋል።

“አበባው ነጭ ነው እንዴ?” ሲል አንዱ እንግዳ በቅንነት ጠየቀ።

ከሰዎቹ ኋላ ዶክተሩ ቆመዋል። ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ የመጡ ናቸውና ሻንጣቸውን እንኳ አላስቀመጡም። አበባውን የፈጠሩት እሳቸው ናቸው፤ አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ተጋፍተው ወደ ፊት መጡና አንዱን ብልቃጥ አንስተው ወደ መብራቱ አስጠግተው አዩት። ፊታቸው እንደ ችግኞቹ ነጣ።

“ማነው ወንፊት የጨመረበት?” አሉ።

በሩ አጠገብ የቆመችው የላቦራቶሪ ሠራተኛ የያዘችው ትሪ ከእጇ አምልጦ ወለሉን መታ።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ የሆነው ይኸው ነው። አራት ሰዓት ሳይሞላ ፖሊስ ተጠራ።

*

ጉዳዩ የተሰጣት ኢንስፔክተር በባልደረቦቿ ዘንድ “ለምን” ተብላ ነው የምትታወቀው። ዋናውን ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍል ብቻ ነው እያሉ ይቀልዱባታል። በልጅነቷ “ለምን?” እያለች እናቷን ስታደርቅ ኖራ፣ ካደገች በኋላ መንግሥት ለዚሁ ዓመሏ ደመወዝ ቆረጠላት። ሰው የሚያውቅባት ሌላ ነገር ቢኖር ቤቷ የገባ ተክል ሁሉ መሞቱ ነው። ቁልቋል ሳይቀር አድርቃለች። እናቷ “አንቺ የነካሽው የፕላስቲክ አበባም ይጠወልጋል” ትላታለች።

ስለዚህም ወደ ማሳደጊያው ክፍል የገባችው ሁለት እጆቿን ኪሷ ከትታ ነው።

ክፍሉ መስኮት የለውም። ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ነው። በየመደርደሪያው ሥር ረጃጅም አምፖሎች ይበራሉ፣ ከአምፖሎቹ ሥር በመቶዎች የሚቆጠሩ ብልቃጦች ተሰልፈዋል። በየብልቃጡ ግርጌ ሁለት ጣት ያህል የረጋ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ዝልግልግ ነገር አለ፤ ችግኞቹ አፈር ሳያዩ እሱ ላይ ቆመዋል።

ሳጅኑ ቀድሟት ደርሶ ነበር። “ኢንስፔክተር፣ ጉዳዩ ያለቀለት ነው” አላት። “ሠራተኛይቱ ናት፤ ያቺ ቆጣቢት የሚሏት። ጨርቁን የጋረደችው እሷ፣ ካለፈው ረቡዕ ጀምሮ ሰው እንዳያያቸው የከለከለችው እሷ። ፖሊስ መጠራቱን ስትሰማ የሥራ ደብተሯን ጋውኗ ሥር ሸጉጣ ልትወጣ ስትል ጥበቃው ያዛት። ዶክተሩ ደግሞ፣ ይሄ ነው ባለሙያ ማለት፣ አንድ ጊዜ አይተው ነው ምን እንደገደላቸው ያወቁት። አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ግን አለ።”

“ምን?”

“ሚዲያው ቀድሞ ሰምቷል።”

“የትኛው ሚዲያ?”

“እኔ እንጃ። ሁሉም ‘ሚዲያው ነው የገደላቸው፣ ሚዲያው ይመርመር’ ይላሉ። አንድም ጋዜጠኛ ግን አላየሁም።”

ከኋላቸው ለስለስ ያለ ሳል ተሰማ። ዶክተሩ ናቸው። ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቀጭን፣ ጣቶቻቸው በሳሙና ብዛት የገረጡ ሰው ናቸው።

“ሚዲያ የምንለው ይሄን ነው” አሉ ወደ ዝልግልጉ ነገር እየጠቆሙ። “የችግኞቹ ምግብ ነው። ስኳር፣ ጨው፣ ቫይታሚን፣ የሚያረጋው ዱቄት። ከአንድ ቅጠል ቁራጭ ተነስተን በዚህ ላይ መቶ ተክል እናወጣለን። ቲሹ ካልቸር ይባላል።”

ሳጅኑ ማስታወሻው ላይ አንድ መስመር ሰረዘ።

“እነዚህ ሠላሳ ስድስቱ ግን ከሌሎቹ በምን ይለያሉ?” አለች ኢንስፔክተሯ።

“አበባ ሲቆረጥ ራሱ ‘አርጅ’ የሚል ጋዝ ያወጣል። የካርኔሽን አበባ ያንን ትእዛዝ ሰምቶ በሳምንቱ ይጠወልጋል። እኛ አንድ ዘረመል አስገብተን ጆሮውን ደፈንነው። ባለፈው ዓመት የመጀመሪያዋ አበባ ጠረጴዛዬ ላይ አርባ አንድ ቀን ቆየች።”

“ለምን ካርኔሽን?”

ዶክተሩ ቀና ብለው አዩዋት። “ይሄን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የጠየቀኝ ሰው የለም” አሉ። “ሁሉም የሚጠይቁኝ ‘መቼ ያልቃል’ ብለው ነው። ካርኔሽን ለድሃም ለሀብታምም የሚሸጥ አበባ ስለሆነ ነው። ሰው ታሞ የተኛ ዘመዱን ሊጠይቅ ሲሄድ ይዞት የሚሄደው እሱን ነው። ከታማሚው ቀድሞ ሲጠወልግ ማየት አልወድም ነበር።”

ኢንስፔክተሯ ሰውየውን ወደደቻቸው። መውደዷ ግን ከመጠየቅ አልከለከላትም።

“ጠዋት የጠሩት ወንፊትስ ምንድን ነው?”

“መድኃኒት ነው፤ አንቲባዮቲክ። ችግኙን ያነጣዋል፣ ከዚያ ይገድለዋል። እዚህ ቤት ወንፊት እንለዋለን።”

“ለምን ወንፊት?”

“እንዲሁ የቤት ስም ነው” አሉና ሰዓታቸውን አዩ።

የሞቱት ብልቃጦች ሁሉ ላይ በሠራተኛይቱ እጅ “ያለ ወንፊት” ተብሎ ተጽፏል። ዶክተሩ ይህን ያዘዙት ራሳቸው መሆናቸውን አልደበቁም። ወደ ስብሰባ ከመሄዳቸው ሁለት ቀን ቀድመው ትእዛዙን በወረቀት ጽፈው ለጥፈዋል፤ እሁድ ዕለት ችግኞቹን በገዛ እጃቸው ወደ አዲሱ ሚዲያ አዘዋውረዋል፤ በዚያው ምሽት ተሳፍረዋል። ሁለት ሳምንት አገር ውስጥ አልነበሩም። ሠራተኛይቱ “ያለ ወንፊት” ብላ ለጥፋ ወንፊት ያለበትን አቀረበችላቸው ማለት ነው።

“አላልኩዎትም?” አለ ሳጅኑ።

“የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” አለችው። “ለምን እንዳደረገችው ገና አልነገርከኝም።”

*

ሥራ አስኪያጁ መልሱ ምላሱ ላይ ነበር። “ምቀኝነት ነዋ! ዛሬ ውል የምንፈራረምበት ቀን ነበር። ገዢው ትልቅ የአበባ ነጋዴ ነው። ካልሆነም ሰው ልኳት ነው። አርብ ዕለት ሻጋታ በር ላይ ሲያንዣብብ ታይቷል።”

“ሻጋታ ማነው?”

“ዓምና ያባረርነው ሠራተኛ። ‘ታያላችሁ’ ብሎ ዝቶ ነው የሄደው።”

ሻጋታን ያገኙት ከዋናው መንገድ ዳር፣ የተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ የተተከሉ አበቦች ደርድሮ ሲሸጥ ነው። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ቁመቱም ወሬውም ረጅም ሰው ነው። ኢንስፔክተሯ ከአበቦቹ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ቆመች።

“ይጠጉ እንጂ እህቴ፣ አይናከሱም” አላት።

“ለእነሱ ብዬ ነው። አርብ ላቦራቶሪው በር ላይ ምን ይሠሩ ነበር?”

“የሥራ ልምድ ማስረጃዬን ልጠይቅ ሄጄ ነዋ! ስድስት ወር አመላለሱኝ። ጥበቃው ምስክሬ ነው፣ በሩን አላለፍኩም።”

“ሲባረሩ ‘ታያላችሁ’ ብለው ነበር።”

“አልኩ። ምን ያዩልኛል? እነሱን የመሰለ ነገር ሸጬ ስከብር ያያሉ ብዬ ነበር፤ ይኸው ጀሪካን ሲያዩ ይኖራሉ።” ሳቀ። ከዚያ ነገሩን ሲሰማ ሳቁን ተወ። “ሠላሳ ስድስቱም? ሻጋታ አላቸው?”

“ምን አላቸው?”

“ሻጋታ። ስሜ ከየት የመጣ መሰለሽ?” ከመደንገጡ የተነሣ “እርስዎ” ማለቱን ረሳ። “ብልቃጥ የሚከፈተው ንጹሕ አየር በሚነፍስበት ሳጥን ውስጥ ነው፣ እጅሽን በአልኮል ታጥበሽ፣ ትንፋሽሽን ይዘሽ። ከዚያ ውጭ ክዳኑን ለአፍታ ከከፈትሽው በሦስተኛው ቀን ጢም ያበቅላል። እኔ ደግሞ ሳጥኑ ውስጥም ሆኜ ያበቅልብኝ ነበር። ለዚህ ነው ያባረሩኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ።”

“እነዚህ ነጭ ናቸው እንጂ ንጹሕ ናቸው። አንድም ሻጋታ የለባቸውም።”

“እንግዲያው እኔ አይደለሁማ!” አለ ኩራትና ኀዘን በተቀላቀለበት ድምፅ። “ተናዶ የገባ ሰውም አይደለም። የተናደደ ሰው እጅ አይታጠብም።”

ኢንስፔክተሯ ይህቺን ቃል በቃል ጻፈቻት።

“ሠላሳ ስድስት ችግኝ ለማዘዋወር ምን ያህል ይፈጃል?”

“ቆጣቢት በሰዓት ተኩል ትጨርሰዋለች። ዶክተር እጃቸው ቀስ ይላል፤ ሦስት ሰዓት በላቸው። ቆጣቢትን ጠረጠራችኋት እንዴ? ሴትዮዋ የተጠቀመችበትን ወረቀት አጥባ የምታሰጣ ናት! አንዲት ጠብታ ሚዲያ ከፈሰሰባት ቀኑን ሙሉ ትተክዛለች። እንዴት ብላ ሠላሳ ስድስት ነፍስ ትደፋለች? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው የሚሆነው።”

*

ቆጣቢት ሰኞን ጣቢያ አድራ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ምርመራ ክፍሉ ስትገባ ፊቷ ባንድ ቀን ገብቷል። አርባ ዓመት አይሞላትም። ስምንተኛ ክፍል የምትማር ልጇን ለጎረቤት ትታ ነው የታሰረችው። ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ ተናገረች።

“እኔ ነኝ የገደልኳቸው። ይጻፉት፣ ልፈርም። ብቻ ልጄ ከሰው አፍ እንዳትሰማው ራሴ ልንገራት።”

ሳጅኑ እስክሪብቶውን ብድግ አደረገ። ኢንስፔክተሯ እጁን ያዘችው።

“ለምን ገደልሻቸው?”

“ፈልጌ መሰለዎት?” ሴትዮዋ ዓይኗ ሞላ። “ዶክተር ከመሄዳቸው በፊት በነበረው አርብ ጠዋት ሚዲያውን አፍልቼ፣ በረድ ሲልልኝ ወንፊቱን ጨምሬ ጨርሻለሁ። ከምሳ ስመለስ በሩ ላይ የዶክተር ወረቀት ተለጥፏል። ‘ከዛሬ ጀምሮ የሠላሳ ስድስቱ ሚዲያ ያለ ወንፊት ይሁን። እሁድ እኔ ራሴ አዘዋውራቸዋለሁ፣ አንቺ ዕረፊ’ ይላል። ያን ሁሉ ሚዲያ ልድፋው? መድኃኒቱ እኮ ከታዘዘ በስንት ወሩ ነው የሚመጣው! አንጀቴ እምቢ አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠጡት ነው፣ ምንም አያደርጋቸውም ብዬ ‘ያለ ወንፊት’ የሚል ለጠፍኩበት። ግማሹ አሁንም ማቀዝቀዣው ውስጥ አለ፤ ይኸው አልደፋሁትም።”

“ከዚያስ?”

“ባለፈው ረቡዕ ሳይ ጫፋቸው ነጥቷል። ሐሙስ ባሰባቸው። ዶክተር የሉም። ለካ ያወቁት ነገር ቢኖር ነው ይቅር ያሉት አልኩ። ብርሃኑ ቢቀንስላቸው ይሻላቸው ይሆናል ብዬ ጨርቅ ጋረድኩ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። ሰኞ ዶክተር ገብተው ‘ማነው ወንፊት የጨመረበት’ ሲሉ፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወንፊቱን መጨመሬ ደብተሬ ላይ ስለተጻፈ እሱንም ልሸሽግ ሞከርኩ።”

ሳጅኑ አሁንም መጻፍ ፈልጎ ነበር። ሁሉ ነገር ተገጣጥሟል፤ ጥፋቱ አለ፣ መደበቁ አለ፣ ማመኑ አለ። ኢንስፔክተሯ ግን ከትናንት ጀምሮ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ የቆመች አንዲት ጥያቄ ነበረቻት።

“እስቲ እንደ ሕፃን አስረጂኝ” አለቻት። “መድኃኒቱ ለምን ወንፊት ተባለ?”

ቆጣቢት ዕንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ስለ ሥራዋ ስትናገር ድምፅዋ ሌላ ሰው ሆነ።

“ዘረመሉን ወደ ቅጠሉ የምታስገባልን አንዲት ባክቴሪያ ናት። ቅጠሉን ቆራርጠን ከእሷ ጋር እናስተኛዋለን። ከመቶ ቁራጭ የሚቀበላት ሁለት ሦስት ቢሆን ነው። ታዲያ በዓይን አይለይም፤ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ስለዚህ ከዋናው ዘረመል ጋር አንድ ጋሻ አብረን እንልካለን፣ መድኃኒቱን የሚያስችለው። ከዚያ ሁሉንም መድኃኒቱ ያለበት ሚዲያ ላይ እናስቀምጣለን። ጋሻ የሌለው ነጥቶ ይሞታል፣ ጋሻ ያለው አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ፍሬው ከግርዱ ይለያል። ወንፊት ማለት ይሄ ነው።”

“ሠላሳ ስድስቱ ጋሻ አላቸው?”

“አላቸው እንጂ! በምን ተመርጠው?”

“አንድም ቀን ነጥተው ያውቃሉ?”

“ኧረ በጭራሽ።”

“ምናልባት አሁን ሥር ሊያወጡ ሲሉ ከብዷቸው ይሆን?”

“እናታቸውም ሥር ያወጣችው ወንፊት ላይ ነው። ያቺ አርባ አንድ ቀን የቆየችው።”

“ታዲያ አሁን ለምን ነጡ?”

የቆጣቢት ጣቶች ጠረጴዛው ላይ የማይታይ ብልቃጥ ያዞሩ ጀመር፤ ቀስ ብለው ቆሙ።

“እነሱ ካልሆኑ ነዋ” አለች በሹክሹክታ።

ሳጅኑ እስክሪብቶውን ክዳኑን ገጥሞ ኪሱ ከተተው።

*

ጥበቃው መዝገቡን ሲያመጣ በኩራት ነበር። ያን እሁድ የገባ ሰው አንድ ብቻ ነው። ዶክተሩ፤ ሦስት ሰዓት ገቡ፣ ዘጠኝ ሰዓት ወጡ።

“ስድስት ሰዓት” አለች ኢንስፔክተሯ። “ሻጋታ ሦስት ይበቃቸዋል ብሎን ነበር።”

“ሥራ ይወዳሉ” አለ ጥበቃው።

“ሲወጡ ምን ይዘው ነበር?”

“ባዶ እጃቸውን። እዚህ በር የማይፈተሽ ቦርሳ የለም። አባቴም ከመቃብር ተነስቶ ቢመጣ እፈትሸዋለሁ።”

“እንግዲያው ችግኞቹ አልወጡም” አለች ሳጅኑን እያየች። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ። እኛ ገዳይ ስንፈልግ የሞተ የለም።”

ማሳደጊያው ክፍል ተመልሳ ከነጡት ብልቃጦች ትይዩ ያለውን መደርደሪያ አየችው። ሁለት መቶ አርባ ተራ የካርኔሽን ችግኞች፣ ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም ጣት የሚያህሉ ናቸው። ጫፉ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ “ሐሙስ ለገበሬዎች የሚከፋፈል።” ዕለቱ ማክሰኞ ነው።

*

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ላቦራቶሪው ውስጥ አራት ሰዎች ተገናኙ፤ ኢንስፔክተሯ፣ ሳጅኑ፣ ዶክተሩ፣ ቆጣቢት። ቆጣቢት ሁለት ሌሊት የተኛችበትን ልብስ እንደለበሰች ነው። ዶክተሩ አዩዋትና ወዲያው ዓይናቸውን ወደ እጅ መታጠቢያው መለሱ።

“ዶክተር፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ” አለች ኢንስፔክተሯ።

“ከእርስዎ አንድ ብቻ?” ፈገግ ሊሉ ሞከሩ።

“ሰኞ ጠዋት ብልቃጡን አንድ ጊዜ አይተው ወንፊት እንዳለበት አወቁ። በምን አወቁ?”

“ነጥተዋላ። ወንፊት ያነጣል ብዬዎት ነበር።”

“ማንን ነው የሚያነጣው?”

ዶክተሩ እንደገና ሰዓታቸውን አዩ።

“የነገሩኝ ግማሹን ነው” አለች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ገመዱን ጫፉ ድረስ የፈታ ሰው ደስታ ግን ነበረበት፣ እሷም ታፍርበት ነበር። “ወንፊት የሚያነጣው ጋሻ የሌለውን ነው። እነዚያ የእርስዎ ሠላሳ ስድስቱ ቢሆኑ ኖሮ፣ ነጥተው ሲያዩዋቸው ሙቀቱ ነው ይሉ ነበር፣ መብራቱ ነው፣ በሽታ ነው። ወንፊት የመጨረሻው ሐሳብዎ ይሆን ነበር። እርስዎ ግን መጀመሪያ የጠሩት እሱን ነው። ብልቃጡ ውስጥ ያሉት ተራ ችግኞች መሆናቸውን ያውቁ ነበር። ያስገቧቸው እርስዎ ነዎት። ያለ ወንፊት ይሁን ያሉትም ተራዎቹ አረንጓዴ ሆነው እንዲቆዩልዎት ነው።”

ዶክተሩ ከፍ ያለውን የሥራ ወንበር ስበው ተቀመጡ። የገረጡ ጣቶቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ።

“አንድም ሰው አያውቅብኝም ነበር” አሉ። “ገዢው ያሳድጋቸዋል፣ ያብባሉ፣ በሳምንት ይጠወልጋሉ። ዘረመሉ ሥራ አቁሞ ተኛ እለው ነበር። አንዳንዴ እውነትም ይተኛል።”

“ለምን?”

“ውሉን አንብቤዋለሁ። ሰውየው አበባውን የሚገዛው ሊሸጠው አይደለም፣ ሊቀብረው ነው። በየሳምንቱ አዲስ አበባ የሚሸጥ ነጋዴ የማይጠወልግ አበባ ምን ያደርግለታል? ማንም እንዳያበቅለው ገዝቶ ሊቆልፍበት ነው።” ወደ ማሳደጊያው ክፍል በር ጠቆሙ። “ሐሙስ መኪናው ሲወጣ ከተራዎቹ ጋር አብረው በየማሳው ይበተናሉ። ከዚያ ማንም ሰብስቦ አይቆልፍባቸውም። አሁን የትኞቹ እንደሆኑ እኔም አላውቅም። ሆን ብዬ ነው የደባለቅኳቸው፣ ብጠየቅ እንኳ መጠቆም እንዳልችል።”

ነገሩ እንዲህ ነበር። ኢንስፔክተሯ አሥራ አንድ ዓመት የለፋበትን ሊቀብሩበት ሲሉ ያየ ሰው ምን እንደሚሰማው ገባት፣ አዘነችላቸውም። ቀጥሎ የምትጠይቀውን ጥያቄ አዘጋጅታ ነበር። ቆጣቢት ቀደመቻት።

“እኔ ስታሰርስ?” አለች።

ዶክተሩ ዞረው አዩዋት። “ልናገር ነበር። እውነቴን ነው። ሐሙስ መኪናው እንደወጣ በቀጥታ ጣቢያ ልመጣ ነበር። ሦስት ቀን ብቻ ነው ብዬ...”

“ሦስት ቀን” አለች ቆጣቢት። እጆቿን አጣምራ፣ ሳትጮህ ነው የምትናገረው። “ሳጥን ላይ እጄን ይዘው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እኔ እኮ ገዳይ ነኝ ብዬ አምኜ ነበር፤ ሁለት ሌሊት እነዚያን ነጫጭ ነገሮች እያየሁ ነው ያደርኩት። አበባው እንዳይጠወልግ አሥራ አንድ ዓመት ለፉ። እኔ ስጠወልግ ግን ቆመው አዩ።”

ሳጅኑ የዶክተሩን ክንድ በቀስታ ያዘ። በሩ ላይ ሲደርሱ በልማድ ጋውናቸውን አውልቀው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉት።

*

የሐሙሱ መኪና አልወጣም። ከሁለት መቶ አርባዎቹ ሠላሳ ስድስቱን መለየት የሚችል ዓይን አልነበረምና ቆጣቢት ከእያንዳንዷ አንዲት ቅጠል ቆርጣ፣ ቁጥር ሰጥታ፣ ሳትደፋው ያቆየችው ሚዲያ ላይ አስቀመጠቻት። ከዚያ መጠበቅ ነው። ገዢው የፖሊስ ጉዳይ መኖሩን ሲሰማ ውሉን ትቶ ሄደ፤ ሥራ አስኪያጁም መጀመሪያ ፀጉሩን ነጨ፣ በኋላ ግን አበባውን ራሳችን እናሳድገዋለን ማለት ጀመረ።

ኢንስፔክተሯ ጉዳዩን ዘግታ መዝገቡን አስረክባለች። ሆኖም በአሥራ ስድስተኛው ቀን እግሯ ይዟት ላቦራቶሪው ሄደ። ጉጉት አያስተኛም።

ቆጣቢት መደርደሪያውን አሳየቻት። ሁለት መቶ አራት ቁራጮች እንደ ወረቀት ነጥተዋል። በመካከላቸው፣ እዚህ አንድ፣ እዚያ ሁለት፣ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ይታያሉ።

“ስንት?”

“ሠላሳ ስድስት። አንድም አልጎደለ።” ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየቻት። “ልጄ ‘እማዬ፣ አንቺ ቆጣቢት ባትሆኚ ኖሮ ምን ይውጥሽ ነበር?’ ትለኛለች።”

“ዶክተሩን ሄደሽ ጠይቀሻቸዋል?”

“ሄጃለሁ” አለች፣ መደርደሪያውን እያስተካከለች። “ሠላሳ ስድስት መሆናቸውን ነግሬያቸው ወጣሁ። ሌላ አላወራንም።”

ኢንስፔክተሯ ልትሰናበት ስትል ቆጣቢት ከታችኛው መደርደሪያ አንድ ትንሽ ማሰሮ አውጥታ ሰጠቻት። አፈር የለመደች፣ አራት ቅጠል ያላት ካርኔሽን ናት።

“ከእነዚያ ናት?” አለች ኢንስፔክተሯ፣ እጆቿን ከኪሷ ሳታወጣ።

“አይደለችም። ከተራዎቹ ናት፣ ሥራ አስኪያጁም ፈቅዷል። ይቺ ትጠወልጋለች። ስለዚህ ሳይረሱ ይዩዋት።”

ኢንስፔክተሯ ለምን እንደተሰጣት መጠየቅ አማራት። ተወችው። እጆቿን አወጣችና ማሰሮዋን ተቀበለች።

“በሳምንት ስንቴ ነው ውኃ የምትጠጣው?” አለች።